ከኤረር በር እስከ ኤረር

ማመልከቻው ደረሰኝ፣ እጥፋቱ ውስጥ አቧራ፣
የኤረር ቀይ አፈር፣ ከቃላቱ ጋራ፤
ሳራግፈው ጠረጴዛው እንደ በርበሬ ቀላ፣
አስነጠሰኝ። አነበብኩት ከምሳ በኋላ።

«እኔ ሙሜ ዩያ፣ የዝሆኖቹ ጠባቂ፣
ሃያ ሁለት ዓመት በእግሬ ዱካ ጠያቂ፣
የምለምነው ጥቂት ነው፦
አንድ ሚኒባስ፣ ቢያረጅም ሞተሩ የማይጮኽ፣
ከኤረር በር ተነሥቶ እስከ ወንዙ አፋፍ የሚያደርስ፤
ከዚያ ወዲያ ስድስት ግመል፣ ዱካ የማያፈርስ።
ምክንያቱ፦
ላንድክሩዘር በገባ ቁጥር መንገድ መንገድ ይወልዳል፤
እናቲቱ ግልገሏን ትነዳለች፣ መንጋው ወደ ሩቅ ይሄዳል።
የሐረር ልጅ ደግሞ፣ አባቱ መኪና የሌለው፣
ዝሆንን የሚያውቀው በደብተር ሽፋን ነው።»

እኔ የበጀት ሠራተኛ ነኝ፣
ደሞዝ የሚከፈለኝ ቁጥር ላሳንስ ነው።
በዚህ በር ስገባ ስወጣ አርባ ዓመቴ፤
ጀርባዬን ለኤረር፣ ፊቴን ለቤቴ፤
በሩ ቀን ከሌት የሚያየውን ሸለቆ
እኔ አንድ ቀን አላየሁትም።

ቅጹን ከፈትኩ። ችግር።
ግመል በየትኛው የሒሳብ መደብ ይገባል?
ተሽከርካሪ ነው? ቋሚ ንብረት? በስንት ዓመት ያረጃል?
የሰሌዳ ቁጥር፦ የለም። መለዋወጫ፦ የለም።
«ነዳጅ» በሚለው ፊት «ቁልቋል» ብዬ ጻፍኩ፤
አፍሬ ሰረዝኩ፤ አመነታሁና፣ እንደገና ጻፍኩ።

ሐሙስ ዕለት ስብሰባ። ሃይላንድ በየፊታችን።
«ግመል?» አሉ ኃላፊው። ሳቅ ዞረ በመካከላችን።
«አገር ወደ ፊት ሲሮጥ እኛ ወደ ኋላ?»
ከዚያ የጸደቀው ጸደቀ፦
የመኪና ማቆሚያ፣ ለአርባ መኪና፣ በኮብልስቶን፣
ከትልቁ ግራር ሥር፤ ግራሩ ተነሥቶ።
በሙሜ ወረቀት ጥግ «በጀት ሲገኝ ይታያል»፣
ማኅተሙ ክብ፣ ሰማያዊ። ቶሎ ይደርቃል።

በሩ ሥር አገኘሁት፣ ኦቾሎኒ እየፈለፈለ።
አነበብኩለት። ዝም አለ። «ማቆሚያ?» አለ፣
«እኔ የጠየቅኩት መሄጃ።»
ገለባውን እፍ ብሎ፣ ግማሹን ለእኔ አካፈለ።

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገባ መኪና ግርግር፣
መኪና ማለት ስፌት በሆነበት ሰፈር።
አው ዘካሪያ ከመርፌው ቀና ሳይል፣
«ኮርቻውን እኔ እሰፋለሁ፣ የድንኳን ሸራ ይበቃል።»
አይ ሩቂያ በአፎቻቸው ፊት ቆሙ፣
ከሰርግ ከለቅሶ የተረፈውን ቆጠሩ፣ ከኪሳቸው ጨመሩ።
አንዷ ግን «ለዝሆን?» አለች፣ «የኔ ጣሪያ እያፈሰሰ!»
ትክክል ናት። መልስ የሰጣት ሰው የለም፤ ብሯም አልተመለሰ።

ሚኒባስ አልተገኘም። ስድስቱ ግመል ሁለት ሆነ፣
ከባቢሌ ገበያ፣ በኪራይ፣ ለቅዳሜ ብቻ።
የመስመር አውቶቡሱ ሾፌር አራት ወንበር ሰጠን፣
በአራቱ ላይ ሰባት ልጅና አንድ የበጀት ሠራተኛ ጫንን።

ዝሆን አላየንም።
ፋንድያ አየን፣ ትኩስ፣ ዝንብ ገና ያላወቀው፤
ቅርፊቱ የተገሸለጠ ግራር፣ ሙጫው የሚያለቅስ።
ሙሜ ጣቱን አንሥቶ ዝም አሰኘን፦
ከቁልቋሉ ማዶ ቅርንጫፍ ሲሰበር ሰማን፤ አንዴ።
ከዚያ ዱካ፣ ትሪ የሚያህል፣ ውሃ ያቆረ፤
ትንሿ ነቢላ ጎንበስ ብላ ፊቷን አየችበት፣
ግመሉ እግሩን አሰፋና አለፈው፣ ሳይረግጠው።

ማምሻውን ሙሜ እጁን ዘረጋ፣
«አንተ የሒሳብ ሰው፣ የአፎቻ ገንዘብ ነው፤ ደረሰኝ ቁረጥ።»
ብጣሽ ወረቀት ጉልበቴ ላይ አስደግፌ ጻፍኩ፦
«ከኤረር በር እስከ ኤረር፤
ሰባት ልጅ፣ ሁለት ግመል፤ ነዳጅ፦ ቁልቋል።»
ቀኑን አሰፈርኩ። ፈረምኩ።
ከላይ፣ ርዕስ በሚጻፍበት፣ አፈር በነካው ጣቴ፦
ደረሰኝ።